የብርጌዳችን የመታሰቢያ ድንጋይ፦ ረቂቁ ላይ እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊው፦
ረቂቁ ከላይ ተለጥፏል። የመጀመሪያው ሐሳባችን እዚያው ኤርትራ፣ ጦር ሜዳው ላይ፣ ልጆቹ በወደቁበት፣ ምልክት ማቆም ነበር። መስከረም 2011 ድንበሩ ሲከፈት ይሳካል ብለን መዋጮ ጀመርን፤ ተመልሶ ተዘጋ። አሁን የቀረው አዲስ አበባ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ማቆም ነው። ጽሑፉ፦ «ከመጋቢት 8 እስከ 10 ቀን 1980 ዓ.ም. በአፋቤት ግንባር ለተሰዉት የእግረኛ ብርጌዳችን አባላት»። ጠራቢው በፊደል ቆጥሮ ነው የሚያስከፍለው። ዓርብ ካልሰጠነው ሌላ ሥራ ይጀምራል፣ ቀብዱም ይበላል።

ምርኮኛው፦
አፋቤት የሚባል አገር የለም። አፍዓበት ነው። ከተማረክሁ በኋላ እዚያው አካባቢ ቆይቻለሁ፤ ትግረ ተናጋሪውም ትግርኛ ተናጋሪውም ሲጠራው ሰምቻለሁ። ወረቀት ይታረማል፣ ድንጋይ አይታረምም።

ሬዲዮኛው፦
እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀንና ሌሊት የጠራሁት ስም ነው። ግንባሩን በያዘው ናደው ዕዝ ውስጥ ከአዛዡ እስከ ወጥ ቤቱ አፋቤት ነበር የሚለው። ድንጋዩ የሚቆመው ለማን ነው? ለእኛ ልጆች ከሆነ እነሱ በሚያውቁት ስም ይጻፍ።

ከሐረር፦
እኔ የግቢው ነገር ነው ያልገባኝ። አጠገቤ የወደቀው ልጅ ረመዳንን ምሽግ ውስጥ የጾመ ነው። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገብታ ታልቅስለት?

ሂሳብ ያዥ፦
አፋቤት አራት ፊደል፣ አፍዓበት አምስት። የአንድ ፊደል ዋጋ አያጣላንም። እኔን ያሳሰበኝ ቃል ከገቡት 41 ሰዎች እስካሁን ያስገቡት 17 ብቻ መሆናቸው ነው። ስም አልጠራም፣ ሁሉም ራሱን ያውቃል።

ምርኮኛው፦
ሬዲዮኛው፣ በሬዲዮ የተባለ ሁሉ እውነት ነው ማለት ነው? «ግንባሩ ጸጥ ብሏል» ብለህም አስተላልፈሃል።

ሬዲዮኛው፦
ይህን ቃልህን መልስ! እኔ ያስተላለፍሁት የታዘዝሁትን ነው። ኮንቮዩ ሲያፈገፍግ አድ ሸሩም የሚባለው መተላለፊያ ላይ መንገዱ ተዘግቶበት፣ መሣሪያው በሻዕቢያ እጅ እንዳይገባ ተብሎ የገዛ አውሮፕላናችን ሲደበድበው ጥሪውን ጆሮዬ ላይ ይዤ የነበርሁት እኔ ነኝ። ሰዎቹ በየስማቸው እየጠሩኝ ነበር። ጸጥ ብሏል ያልሁት ያኔ ነው እንዴ?

ጸሐፊው፦
ተዉ እንጂ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ብንጽፍስ?

ምርኮኛው፦
ሁለት ስም ያለው ድንጋይ ያየው ሁሉ ሁለት ጦርነት ይመስለዋል።

ከዋሽንግተን፦
ስለ ፊደል ስትከራከሩ የዕዛችን አዛዥ የጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ስም ተረሳ? ውጊያው ሊጀመር አንድ ወር ያህል ሲቀረው የገዛ መንግሥቱ ነው የረሸነው። ጦሩ ልቡ ተሰብሮ ነው እሳቱ ውስጥ የገባው። ይህ ሳይጻፍ እኔ ገንዘብ አልልክም።

ሂሳብ ያዥ፦
ወንድሜ፣ እስካሁንም አልላክህም።

የመቶ አለቃው ልጅ፦
አባቶቼ፣ ስለገባሁባችሁ አትቆጡኝ። አባቴ ሲሞት የሦስት ወር ልጅ ነበርሁ። ለኛ መርዶ አልመጣልንም፤ እናቴ ደብዳቤ ሲቋረጥባት ነው የገባት። ዓመታት ቆይታ ነው ልቅሶ የተቀመጠችው፣ እሱንም በራሷ ፈቃድ። የቦታው ስም እንደፈለጋችሁ ይሁን፤ የሰዎቹን ስም ዝርዝር የያዘው ማን ነው?

ጸሐፊው፦
ዝርዝሩን የሻለቃ ሦስቱ አሥር አለቃ ሊሰበስብ ወስዶ ነበር። ለሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ የሚያስገባውም እሱ ነው። ከጥምቀት ወዲህ ስልኩ አይነሳም።

እትዬ፦
ፎቶ አያይዣለሁ። ባለቤቴ በጥር 1980 የጻፈልኝ የመጨረሻው ደብዳቤ ነው። ከላይ ጥግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «አፋቤት» ብሎ ጽፏል፣ ከሥሩም አስምሮበታል። ስንቱን ዓመት ተጣጥፎ ስለኖረ በእጥፋቱ ላይ ተቀዷል፤ በፕላስተር ነው የያዝሁት። ክርክሩ እንዲያበቃ ብዬ ነው።

ምርኮኛው፦
እትዬ፣ አየሁት። እርስዎ ካሉ እኔ ምን አፍ አለኝ። ሬዲዮኛው፣ ያልሁህን ትቼዋለሁ። የአገሬው ሰው ግን ስሙን እንዲህ ብሎ አይጠራም፣ ይህን ለመዝገብ ያዙልኝ።

የመቶ አለቃው ልጅ፦
ደብዳቤውን አጉልቼ አነበብሁት። ሦስተኛው መስመር ላይ «ክረምት ሳይገባ የጓዳውን ቆርቆሮ አስቀይሪ፣ ሕፃኑ ላይ እንዳያፈስ» ይላል። እትዬ፣ ተቀየረ?

እትዬ፦
በየት በኩል ልጄ። ላስቲክ አለበስነው።

ከዋሽንግተን፦
እንግዲያው ድንጋዩ ይቅርና በገንዘቡ ጣሪያው ይሠራ። እኔ ለዚህ ከሆነ ዛሬ እልካለሁ። እንደሷ ያሉ ስንት እናቶች አሉ?

ሂሳብ ያዥ፦
ገንዘቡ የተሰበሰበው ለድንጋይ ነው። አባላት ሳይስማሙ አንድ ብር አላወጣም።

ሬዲዮኛው፦
ለድንጋይ ብለን ሰብስበን የሟቹን ቤት ብናደርቅለት የሚከፋው ይመስልሃል? ግማሹ ለጣሪያ ይሁን። ድንጋዩ ትንሽ ቢሆን ምን አለበት?

እትዬ፦
እኔ ደብዳቤውን ያመጣሁት ለፊደሉ ነው። ለምጽዋት አይደለም። ድንጋዩን እናቁም ብላችሁ አዋጡ አላችሁኝ፣ አዋጣሁ። ከ17ቱ አንዷ እኔ ነኝ።

ጸሐፊው፦
እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ዛሬ ሐሙስ ነው። እኔ የማቀርበው፣ ጠራቢው እስከ «1980 ዓ.ም.» ያለውንና «ለተሰዉት» ከሚለው ጀምሮ ያለውን ይጥረብ፣ የቦታውን ስም ክፍት ይተወው። የጣሪያውን ጉዳይ እሑድ ተገናኝተን እናያለን። የጄኔራሉም የስም ዝርዝሩም ያን ዕለት ይነሣ። አሁን ደውዬለት ነበር፤ ለስንት ፊደል የሚበቃ ቦታ ልተው ይላል።

ሬዲዮኛው፦
አምስት ይተው።

ከሐረር፦
የግቢውን ጥያቄ እስካሁን የመለሰልኝ የለም። እሑድ የልጁን እናት ይዤ እመጣለሁ።