ከቀድሞ ቤቷ የተባረረች ተከራይ በምን ትመዘን?

ጥያቄ፦
ደሴ፣ ሳላይሽ፣ ከምኖርበት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት አከራያለሁ። ባለፈው ሳምንት ደላላው ሦስት ልጆች ያሏትን ተፈናቃይ እናት አመጣልኝ። ከዚህ በፊት ከሁለት ቤት እንድትወጣ መደረጓን ሳልጠይቃት ነገረችኝ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ኪራይ የሚከፍልላት አንድ የረድኤት ድርጅት ሲሆን፣ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ነበር። ባለቤቴ «ሁለቴ የተባረረ ሦስተኛውን አያጣውም» ይላል፤ እኔ ግን ራሷ መናገሯን ከቁም ነገር ቆጥሬዋለሁ። በምን ልመዝናት?

መልስ 1፣ ከኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ «ተባረረች» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ኪራይ ሳይከፍሉ ቀርቶ መውጣትና አከራዩ ቤቱን ሊሸጥ ወይም ልጁን ሊድርበት ፈልጎ «ልቀቂ» ማለቱ አንድ አይደሉም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ዕዳ ጥሎ የሸሸውን ተከራይ (እኛ አከራዮቹም ሸሽተን ነበር) ከከሃዲ የምቆጥርበት አንጀት የለኝም። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ቤቱ ሲያዝ ስለሆነ ምስክርነቱን ይተዉትና የቀድሞ አከራዮቿን ራስዎ ያነጋግሩ። በተለይ ከመጨረሻው በፊት የነበረውን ይጠይቁ፤ የመጨረሻው እንድትለቅለት ሲል ብቻ ሊያሞግሳት ይችላል።

መልስ 2፣ በሕግ ሥራ ላይ ያለሁ፦
አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በከተማችሁ ሥራ ላይ መዋሉን ግን አስቀድመው ከከተማው አስተዳደር ያረጋግጡ። እንደዚያ ከሆነ ድርጅቱ የሚሸፍነው ከ24 ወራት ስድስቱን ብቻ ነውና፣ ዋናው ጥያቄ ቀሪዎቹን 18 ወራት በምን ገቢ ትከፍላለች የሚለው ይሆናል። ውሉን ከድርጅቱ ጋር ሳይሆን ከእርሷ ጋር በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ክፍያውም በባንክ ይሁን።

መልስ 3፣ ከሐይቅ፦
እኔ ተቃጥያለሁ። በእርዳታ የሚከፈለው ገንዘብ ሁለት ወር ዘግይቶብኝ ስጠይቅ ድርጅቱ ወደ ተከራዩ፣ ተከራዩም ወደ ድርጅቱ ይመራኝ ነበር። ቢሆንም ተረጂ ሁሉ ኪራይ ያስቀራል ማለት አይደለም። የከተማ ሴፍቲኔት (ድሃ የከተማ ነዋሪዎችን የሚደግፈው ፕሮግራም) በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ደሴ ከ11ዱ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ እዚያ በልማት ሥራ የታቀፈች እህቴ ከክፍያዋ 20 በመቶ ትቆጥብ ስለነበር የባንክ ደብተሯን አይቶ ያከራያት ሰው አልተጸጸተም። የሚከፍለው ማን እንደሆነና ቢዘገይ ማን ዘንድ እንደሚኬድ ቀድመው ይጠይቁ።

ጠያቂዋ፦
ሁለቱንም አከራዮች አነጋገርኋቸው። የመጀመሪያው ቤቱን ሸጦ ነው ያስወጣት። ሁለተኛዋ የሁለት ወር ኪራይ ቀርቶባት እንደነበር ነገረችኝ፤ ሆኖም ተከራይዋ ከወጣች በኋላ እንጀራ እየሸጠች የአንዱን ወር እንዳመጣችላት ጨመረች። የአሁኑን ገቢዋን የጠየቅኋት ምጣዷን የት እንደምታስቀምጥ ስናይ ነበር። ባለቤቴ አሁንም አላመነም፤ ሰኞ ግን ውል እንጽፋለን፤ ለመብራቱም የራሷ ቆጣሪ ይገባል።