ጥሬ፣ የታሸገ፣ የጀበና ወይስ ማኪያቶ? ለሰውነት የሚበጅ ቡና ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። «ቡና ጥቅም አለው ይባላል፣ ግን የትኛውን ብንገዛ ነው ጥቅሙ ሰውነታችን ውስጥ የሚገባው?» ላላችሁኝ፣ ይኸው መልሴ። የኔ ምርጫ ጥሬ ቡና ገዝቶ፣ ቤት ውስጥ ሳያጠቁሩ ቆልቶ፣ ያለ ወተት፣ ከምግብ ራቅ አድርጎ መጠጣት ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ምክንያቱን ካወቃችሁ ገበያ ላይ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ብቻ አይደለም። ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል ውሕድ አለ፣ ተክሉ ለራሱ የሚሠራው፤ እዚህ የቡና ጥቅም ስል በዋናነት እሱን ማለቴ ነው። ከጥሬው የአረቢካ ፍሬ ደረቅ ክብደት ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው፤ ካፌይኑ ግን ከ1 በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ካፌይን ቶሎ ይገባል። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሆድ ወደ ደም አልፏል። ክሎሮጀኒክ አሲድ እንዲህ አይቸኩልም። ከጠጣነው ውስጥ ሲሶ ያህሉ በቀጭኑ አንጀት ይገባል፣ የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይቆራርጡታል፣ ወደ ደም የሚያልፉትም እነዚያ ቁርጥራጮች ናቸው። ቡና የጠጡ ሰዎችን ደም በየሰዓቱ እየቀዱ የለኩ ተመራማሪዎች ይህን አይተውታል፦ በመጀመሪያው ሰዓት አካባቢ አነስ ያለ ከፍታ ይመጣል፣ ከዚያ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ የሚበልጠው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ቡና ምሳ ስትበሉ ገና ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። ሆዳችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ባይኖሩ አብዛኛው ጥቅም ዝም ብሎ ያልፍ ነበር።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ።

ጥሬ ቡና። ጅማ፣ ሲዳማ፣ ይርጋጨፌ፣ ሐረር እያላችሁ የምትጨቃጨቁት ለጣዕሙ ከሆነ ልክ ናችሁ። ለጥቅሙ ግን ከአገሩ ይልቅ አቆላሉ ነው የሚወስነው። ቀለል አድርጋችሁ ስትቆሉት ገሚስ ያህሉ ክሎሮጀኒክ አሲድ ይተርፋል፣ እስኪከስል ስትቆሉት ከአስር እጅ ዘጠኙ ሊጠፋ ይችላል። መርካቶም ግዙት ሰፈር፣ አንድ እፍኝ አንስታችሁ አሽቱት። የሻጋታ ሽታ ካለው ተዉት። ፍሬው እኩል እኩል ይሁን፣ አለበለዚያ ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ ይቀራል።

አቆላሉን እንዲህ ነው የማደርገው። ብረት ምጣዱን በደንብ አግላለሁ፣ የታጠበውን ቡና እበትናለሁ፣ እጄን አላሳርፍም። አረንጓዴው መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ የቀረፋ መልክ ይይዛል፣ ገለፈቱ ይለቃል። ከዚያ ጠሽ ጠሽ ማለት ይጀምራል። ጠሽታው ጋብ ሲል፣ ፍሬው ቡናማ ሆኖ ፊቱ ገና ደረቅ እያለ አወጣለሁ። ዘይት አውጥቶ ካብለጨለጨ አልፏል። እናቴ መጀመሪያ ቀን አይታ «ይሄማ ገና ጥሬ ነው» ብላኝ ነበር። አሁን እሷም እንደዚያ ነው የምትቆላው። ጠቆር ያለ ቆላ የሚወዱ ሰዎችን ግን አልኮንንም። መቆላት የሚጨምረውም ነገር አለ፣ ለምሳሌ ትሪጎኔሊን የሚባለው ውሕድ በእሳቱ በከፊል ወደ ናያሲን፣ ማለትም ወደ አንዱ የቢ ቫይታሚን፣ ይለወጣል።

የታሸገ። ለመቁላት ጊዜ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው። ፒያሳ ያለው ቶሞካ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣሊያን ዘይቤ የሚቆላ ቤት ነው፣ ጣዕሙን የሚወዱት ብዙ ናቸው፣ እኔም ለእንግዳ እገዛለሁ። የትም ብትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ተቆላ? ቀለል ያለ አላችሁ? ከተቻለ ደግሞ ያልተፈጨውን ውሰዱና ቤት ፍጩት። እኔ አንድ ጊዜ ከሰፈር ሱቅ የተፈጨ ገዝቼ፣ ሳፈላው ቤቱ ሁሉ ገብስ ገብስ ሸተተ። ገብስ ተቀላቅሎበት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተፈጨ ከማላውቀው ሰው አልገዛም።

የመንገድ ጀበና። እዚህ ትልቁ ጥቅም ዓይናችሁ እያየ መቆላቱ ነው። ከምታዘወትሯት ልጅ ጋር ከተግባባችሁ «የኔ እህት፣ ዛሬ አታጥቁሪው» ማለት ትችላላችሁ፣ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይሠሩላችኋል። አቦሉን ጠጡ፤ ዋናው ነገር የሚወጣው እዚያ ላይ ነው፣ ቶናና በረካ እየቀጠኑ ነው የሚሄዱት። አንድ ጥንቃቄ አለ። የፈላና በወረቀት ያልተጣራ ቡና ካፌስቶል የሚባል ቅባት ይይዛል፣ እሱም መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ኮሌስትሮል አለብህ የተባለ ሰው በወረቀት ማጣሪያ ያጣራ። ውጭ አገር ያላችሁ ወረቀቱን ከየሱፐርማርኬቱ ታገኛላችሁ፣ ጥሬ ቡናውን ደግሞ ከሐበሻ ሱቅ።

ማኪያቶ። ወተቱ ጥቅሙን ያስቀራል ወይ? ጥናቶቹ አይስማሙም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የብራዚል ጥናት ቡናውን በውኃ ከጠጡት ሰዎች ሽንት ውስጥ ከክሎሮጀኒክ አሲዱ 68 በመቶ ያህሉን ሲያገኝ፣ በወተት ሲጠጡት ወደ 40 ወርዷል፤ ግን የተጠኑት ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ሌላ ጥናት ደግሞ ትንሽ ወተት ምንም አልለወጠም ብሏል። ስለዚህ ማኪያቶ ለምትወዱ በቀን አንዱን ያለ ወተት አድርጉት ነው የምለው። በከረጢት የሚሸጠውን፣ ስኳርና ዱቄት ወተት አብሮ የተቀላቀለበትን ግን አልመክርም፣ አብዛኛው ስኳር ነው። ያልተቀላቀለ የሚሟሟ ቡና ብዙዎች እንደሚያስቡት ባዶ አይደለም፣ ክሎሮጀኒክ አሲድ አለው። ለቢሮ ይሆናል።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድታነቡልኝ የምፈልገው። ብረት።

እናቴ ደም ማነስ ተብላ የብረት ክኒን ለወራት ዋጠች፣ ለውጡ ግን ትንሽ ነበር። ምስር ትበላለች፣ ጎመን ትበላለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቁጭ ብዬ አየኋት፦ እንጀራው ሳይነሳ ረከቦቱ ቀርቧል፣ ክኒኑንም በዚያው ትውጣለች። ያው የሁላችንም ቤት ልማድ ነው። ለኛ የሚጠቅሙን እነዚያው ውሕዶች አንጀት ውስጥ ብረቱን ይይዙታል። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሥጋ ካለበት ምግብ ጋር አንድ ስኒ ቡና የጠጡ ሰዎች የሚያስገቡት ብረት በ39 በመቶ ቀንሶ አገኘ። ሻይ ደግሞ 64 በመቶ ቀነሰ። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይተው ሲጠጡም ያው ሆነ፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድመው ሲጠጡ ግን ምንም አልቀነሰም። በጾም ወቅት የምንበላው ብረት ሁሉ ከእህልና ከቅጠል ነው፣ የዚያ ዓይነቱ ደግሞ ይበልጥ በቀላሉ ይያዛል። ስለዚህ ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት፣ አለዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ፣ ብረቱ በደንብ እንዲገባ ሰላጣው ላይ ሎሚ ጨምቁ። የእናቴን ቡና ወደ አሥር ሰዓት አዛወርነው። ጎረቤቶቿም ቀስ በቀስ ለመዱት፣ አሁን በአሥር ሰዓት ነው የሚጠራሩት። ደም ማነስ ያለባችሁ ሐኪማችሁንም አማክሩ። እርጉዞች ደግሞ ካፌይኑን ቀንሱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ የሚወስዱ እንዲቀንሱ ይመክራል።

የመጨረሻው ቅጠሉ ነው። ሐረር ውስጥ ቁጢ ይሉታል፣ የቡና ቅጠል አፍልተው ይጠጡታል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የአረቢካ ቅጠል ውስጥ ማንጂፈሪን የሚባል ውሕድ በብዛት አግኝቷል፣ ማንጎ ላይ ያለውን ማለት ነው፤ ክሎሮጀኒክ አሲዱም አለ፣ ለዚያውም ቅጠሉ እንደ ፍሬው አይከስልም። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 እ.ኤ.አ. ለገበያው ፈቅዶታል። አንዲት የሐረር ጓደኛዬ ከቤተሰቧ አምጥታልኝ በትንሽ ጨው ጠጣሁት፣ ለስለስ ያለ ነው፣ ማታም እንቅልፍ አልከለከለኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ንጹሕ የደረቀ ቁጢ የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ የያዝኩት ሊያልቅብኝ ነው።