ክርክር፦ በመንግሥት ጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ማሸነፉ ይቅር?

ብረት ሠሪው ከተክለ ሃይማኖት፦
ሰላም ለቤቱ። ትናንት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ መክፈቻ ላይ ነበርኩ። 120 የአዳራሽ ወንበር ነው። ሳጥኑ 4:00 ላይ ተዘጋ፤ 4:30 ላይ ተጫራቾች ባለንበት ተከፈተ። ሰብሳቢዋ ኤንቨሎፖቹን አንድ በአንድ እያነሱ ማሸጊያው አለመነካቱን አሳዩን፤ ሲፒኦው (ለጨረታ ማስከበሪያ የሚያዘው የባንክ ክፍያ ማዘዣ) መኖሩን አዩ፤ ዋጋውን ጮክ ብለው አነበቡ። በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ አንደኛ የወጣው ዋጋ ነው። እኔ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ) እና ስፖንጅ ብቻ ከምገዛበት ያነሰ ነው!

አምናም ሌላ መሥሪያ ቤት እንዲሁ በዋጋ ተሸንፌያለሁ። ሦስት ወር ሳይሞላ የወንበሮቹ እግር ተጣመመና ለጥገና የተጠራሁት እኔው ነኝ። አንዱን እግር ቆርጬ ሳየው የቱቦላሬው ግድግዳ ከቆርቆሮ ብዙም አይወፍርም፤ በፒንሳ ያዝ አድርጌ ጠምዘዝ ሳደርገው ታጠፈ። ይኼ የሕዝብ ገንዘብ ነው። እኔ ዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፋል የሚለው አሠራር ይቅር እላለሁ። እናንተስ?

ግዥ ክፍል የምሠራ፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ ግን አልስማማም። ዋጋን አውጥተን በቦታው ምን እናስገባ? "ይኼኛው ጥሩ ይመስላል" የሚል የኮሚቴ አባል ዓይን? እኛ ኮሚቴ ስንቀመጥ ትልቁ መከታችን ቁጥሩ ነው። ከላይ ስልክ ሲደወል፣ በዘመድ በአማላጅ ሲመጣብን "ዋጋው ተነቧል፣ ሁሉም ሰምቷል" ብለን እንመልሳለን። ሁለተኛውን መርጬ ብፈርም ነገ የምጠየቀው በልዩነቱ ነው። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ውስጥ "የመንግሥትን ሥራ በማያመች አኳኋን መምራት" የሚለውን ወንጀል የማይፈራ የግዥ ሠራተኛ አላውቅም።

የሕግ ባለሙያ፦
አንድ ነገር እናጥራ። ሕጉ በደፈናው "ያነሰ ዋጋ የሰጠ ያሸንፋል" አይልም። ለረጅም ጊዜ የሠራንበት የፌደራሉ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ቢሆን፣ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ቢሆን፣ የሚወጣው ገንዘብ ተመጣጣኝ ጥቅም ያስገኝ ከሚል መርሕ ነው የሚነሡት። መጀመሪያ ሰነዱ የጠየቀውን ያሟሉት ይለያሉ፤ ዋጋ የሚነጻጸረው ከዚያ በኋላ፣ ባሟሉት መካከል ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ ኮሚቴው በጨረታ ሰነዱ ላይ ባልተጻፈ መስፈርት ማንንም መጣልም ማሳለፍም አይችልም። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ የራሷ የግዥ ሕግ አላት። አራዳ ወይም ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የምትጫረቱ ሰዎች፣ ሰነዱ የትኛውን ሕግ እንደሚጠቅስ አስቀድማችሁ እዩ።

ጡረተኛ ኦዲተር፦
ልጄ ብረት ሠሪው፣ ስፔሲፊኬሽኑ (በሰነዱ ላይ ያለው የዕቃው ዝርዝር መግለጫ) ስለ ቱቦላሬው ምን ይላል?

ብረት ሠሪው፦
ጋሼ፣ እዚሁ ይዤዋለሁ። "እግሩ ከጠንካራ ብረት የተሠራ፣ ስፖንጁ ምቹ፣ ጥራቱን የጠበቀ" ይላል። ሌላ የለም።

ጡረተኛ ኦዲተር፦
በቃ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። "ጥራቱን የጠበቀ" በምን ይለካል? የቱቦላሬው ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ተብሎ ቢጻፍ፣ የስፖንጁ ዴንሲቲ (እፍጋት) ቢጠቀስ፣ ወንበሩ የሚሸከመው ክብደት ቢቀመጥ፣ ስስ ቱቦላሬ ያሰበው ሰው ወይ ይወድቅ ነበር ወይ ዋጋው ካንተ ጋር ይቀራረብ ነበር። አሁን ግን የተጠየቀውን አሟልቷል፤ ምን ብለው ይጣሉት?

በሥራ ዘመኔ ብዙ የግዥ ዶሴ አገላብጫለሁ። አብዛኛው የተበላሸ ጨረታ የተበላሸው ሳጥኑ ሳይከፈት፣ ዕቃውን የፈለገው ክፍል ያቺን አንድ ገጽ ጥያቄ ሲጽፍ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከአንድ ድርጅት ካታሎግ ቃል በቃል የተገለበጠ አጋጥሞኛል፤ ልኩ በሚሊ ሜትር ሳይቀር አንድ ዕቃ ብቻ እንዲገጥም ተደርጎ የተሰፋ። ሕጉ የንግድ ስም መጥቀስን የሚከለክለው፣ ሌላ መግለጫ ከጠፋም "ወይም ተመጣጣኝ" የሚል እንዲጨመርበት የሚያዘው ይህን ለመዝጋት ነው። ባዶውም በልክ የተሰፋውም ውድድሩን ይገድሉታል።

የወጣቶች ማኅበር፦
እኔ ከብረት ሠሪው ሐሳብ የምፈራው ነገር አለ። ዋጋ ከመስፈርትነት ሲቀር "ጥራት" ተብሎ የሚመጣው የ5 ዓመት ተመሳሳይ ሥራ ልምድ ነው። እኛ ስድስት ልጆች ነን፤ የተደራጀነው ገና አምና ነው። ሲፒኦ የምናሲዘው ስለሌለን ካደራጀን አካል የዋስትና ደብዳቤ ይዘን ነው የምንገባው። ጉልበቱ የራሳችን፣ የምንሠራውም ለተደራጁ ወጣቶች በሚሰጠው የመሥሪያ ቦታ፣ በሼድ ነው፤ ዋጋችን የሚያንሰው በዚህ ነው እንጂ ስስ ብረት ተጠቅመን አይደለም። ዝቅ ያለ ዋጋ ሁሉ ማጭበርበር ተደርጎ አይታይብን።

አስመጪ፦
ወንድሜ፣ የአንተስ እውነት ነው፤ እኔ ግን ከብረት ሠሪው ጎን ነኝ። ኮምፒውተር አስመጣለሁ። 2016 ላይ አንድ ጨረታ ሁላችንም ዶላርን በ57 ብር ሒሳብ አስበን ገባን። እኔ ትንሽ መጠባበቂያ ጨመርኩበትና ተሸነፍኩ። ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ በሳምንታት ውስጥ ባንኮቹ ከ100 ብር በላይ ጻፉ። ያሸነፈው ማቅረብ አልቻለም። መሥሪያ ቤቱ የውል ማስከበሪያውን 10 በመቶ ወረሰ፤ ኮምፒውተሩ ግን አልመጣም። ሠራተኛው ያንን ዓመት በአሮጌው ማሽን ነው የገፋው። ያነሰ ዋጋ ማለት እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ብረት ሠሪው፦
እንግዲያው እኛ የሰፈሩ ብረት ሠሪዎች ተሰብስበን "ለወንበር ከዚህ ዋጋ በታች አንገባም" ብንባባልስ? ቢያንስ ከገበያ በታች የሚሠራ አይኖርም።

የሕግ ባለሙያ፦
ተው! ይህን በጽሑፍም በቃልም እንዳታደርጉት። በጨረታ ዋጋ መመሳጠር በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። በግዥ ሕጉም ጨረታ ለመሰረዝ ከሚበቁት ምክንያቶች አንዱ የተጫራቾች መመሳጠር ነው። ዓላማህ ንጹሕ ቢሆንም ተጠያቂው አንተ ትሆናለህ።

የአስመጪውን ነጥብ ግን እቀበላለሁ። ኮሚቴው ዋጋው ካሳሰበው በጽሑፍ ማብራሪያ መጠየቅ ይችላል፤ ተጫራቹ ግን በዚያ ሰበብ ዋጋውን መለወጥ አይችልም። ችግሩ የገበያ ጥናት ያልሠራ መሥሪያ ቤት ዋጋው ማነሱንም ሆነ መብዛቱን የሚያወዳድርበት ነገር የለውም።

ግዥ ክፍል የምሠራ፦
ይኼ እኛኑ ነው የሚነካን፤ እውነቱን ልናገር። ጥያቄው ከተጠቃሚው ክፍል የሚመጣልን ብዙ ጊዜ ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። "አስቸኳይ" የሚል ማስታወሻ ተለጥፎበት ይመጣል፣ ስፔሲፊኬሽኑ የአምናው ነው፣ ገበያ ወጥቶ ዋጋ የሚያይ ሰው የለም። ስፔሲፊኬሽኑን አስተካክሉ ብዬ መልሼ ስልከው "ግዥ ክፍል ሥራ ያጓትታል" የሚል ደብዳቤ ደርሶኝ ያውቃል። አሁን የኤሌክትሮኒክ ግዥ መጣ፤ ሳጥንና የኤንቨሎፕ ማሸጊያ ሰም እየቀረ ነው፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን "ጥራቱን የጠበቀ" ብለህ ብትጭንበት ሲስተሙም ያንኑ ነው የሚያወጣልህ።

ጡረተኛ ኦዲተር፦
እህቴ፣ በደንብ ተናገርሽ። አንድ ልጨምር። ጥሩ ስፔሲፊኬሽን ተጽፎም ርክክብ ላይ የሚፈስስ አለ። ዕቃው በአይሱዙ ይመጣል፣ ተረካቢ ኮሚቴው ቆጥሮ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ይቆርጣል፣ በቃ። 120 ብሎ ቆጠረ እንጂ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዞ ውፍረቱን የለካ የለም። ከ120 ወንበር ሁለቱን አውጥቶ መለካት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሞዴል 19 አንዴ ከተቆረጠ በኋላ እግሩ ተጣመመ ብሎ መከራከር ከባድ ነው።

ብረት ሠሪው፦
እሺ፣ ገባኝ። ዋጋ ይቅር ያልኩትን አንሥቻለሁ፤ ወጣቱ ወንድሜም ይቅር በለኝ። ግን ለትናንቱስ? ቅሬታ ላስገባ?

የሕግ ባለሙያ፦
በ649/2001 ሥርዓት ቅሬታ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ የሚቀርበው ጥፋቱን ካወቅህበት ወይም ማወቅ ከነበረብህ ቀን ጀምሮ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ነበር። ያንተ ጨረታ በየትኛው ሕግ እንደወጣ ከሰነዱ አረጋግጥና ቀኑን ዛሬውኑ ቁጠር። ግን ምን ብለህ ትጽፋለህ? ኮሚቴው በሰነዱ መሠረት ከሠራ "ዋጋው አነሰ" የሚለው ብቻውን አያስኬድህም። ሰነዱ ጎደሎ መሆኑን መናገር የነበረብህ ከመዝጊያው በፊት ነው፤ ማብራሪያ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ መልሱም ሰነድ ለገዙት ሁሉ ይላካል።

ብረት ሠሪው፦
ለሚቀጥለው ሳምንት የገዛሁት ሌላ ሰነድ አለኝ፤ የ40 ጠረጴዛ። አሁን አውጥቼ አየሁት፤ እዚህም "ጠንካራ ብረት" ብቻ ነው የሚለው። የማብራሪያ መጠየቂያው ጊዜ አላለፈም። ነገ ጠዋት የቱቦላሬውን ውፍረት፣ የላዩን እንጨት ዓይነትና በርክክብ ላይ በምን እንደሚለካ የሚጠይቅ ደብዳቤ አስገባለሁ። ጋሼ፣ ሦስቱ ይበቃሉ?

ጡረተኛ ኦዲተር፦
ቀለሙንም ጨምርበት፤ ስንት እጅ እንደሚቀባ። መዝገብ ቤት ኮፒው ላይ ማኅተም ሳታስመታ እንዳትወጣ።