ከወታደራዊ ጥይት የተራገፈ ባሩድ ባዕድ ነገር ቢገኝበት ጥይት ለመሙላት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ደገኛው (ዴንቨር)

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እዚህ ኮሎራዶ ውስጥ በየዓመቱ በአደን ወራት ፈቃድ አውጥቼ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን አድናለሁ። ከ3 ዓመት ወዲህም የተተኮሰ ቀለህ እየሰበሰብሁ ለ30-06 ጠመንጃዬ ጥይት ራሴ እሞላለሁ። እስካሁን የተጠቀምሁት ከሱቅ በፋብሪካ ዕቃው ታሽጎ የሚሸጠውን ባሩድ ብቻ ነበር። ባለፈው ወር ግን በአንድ የጦር መሣሪያ ገበያ ላይ አንድ ሻጭ፣ «4895፣ ከወታደራዊ ጥይት የተራገፈ» የሚል የእጅ ጽሑፍ የተለጠፈበት 8 ፓውንድ ባሩድ በሱቁ ዋጋ ግማሽ ስላቀረበልኝ ገዛሁት። 4895 የባሩድ ዓይነት መጠሪያ ነው፤ የምርት ቁጥር ግን የለውም።

ቤት ከገባሁ በኋላ ጥቂቱን በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቼ በማጉያ መነጽር ተመለከትሁት። አብዛኛው እንደሚጠበቀው አጫጭር ዘንግ የሚመስል ግራጫ ቅንጣት ነው። በመካከሉ ግን እዚህም እዚያም ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ክብ ቅንጣቶችና ቅጥራን የሚመስሉ ጥቁር ፍርፋሪዎች አሉበት። በክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀይ ቡናማ ብናኝ ተለጥፏል፤ ሽታውም ሆምጣጤ እንደሚባለው ቆንጠጥ ያደርጋል።

ይህን ልብ ብዬ ከማየቴ በፊት 40 ጥይት ሞልቼ ነበር፤ 6ቱን ተኩሻለሁ። አምስቱ ደህና ሆኑ፤ በስድስተኛው ግን የጠመንጃው መቀርቀሪያ አልነሣ ብሎ በብዙ ትግል ተከፈተ። ጥያቄዬ፣ ባሩዱን በወንፊት ነፍቼ፣ ፍርፋሪውንና ክቡን ቅንጣት ለይቼ፣ መጠኑንም ጥቂት ቀንሼ ብጠቀምበት ይሆናል ወይ የሚል ነው። ገንዘቡ እንደ ቀልድ የሚጣል ስላልሆነ ዕውቀቱ ያላችሁ እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ የቤተ ሙከራ ሰው (ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት። ዕቃውን ዛሬውኑ ከመኖሪያ ቤትዎ አውጥተው ፀሐይ በማያገኘውና የሚቀጣጠል ነገር በሌለበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ክዳኑንም አጥብቀው አይዝጉት። ሽታውን ለማረጋገጥ ብለው አፍንጫዎን ደግመው አያስጠጉ። እኔ በሙያዬ ኬሚስት ነኝ፤ ከጻፉት ሁሉ ያስደነገጠኝ የክዳኑ ቀይ ቡናማ ብናኝና የአሲዱ ሽታ ነው።

እርስዎ የያዙት ጭስ አልባ ባሩድ ነው፤ መሠረቱም ናይትሮሴሉሎስ የተባለ ኬሚካል ነው። ክርስቲያን ሾንባይን የተባለው ኬሚስት በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1846 ይፋ ካደረገው ጊዜ አንሥቶ ይህ ነገር አንድ የማይለቀው ጠባይ አለው፤ ማንም ሳይነካው በዝግታ ይፈርሳል። ሲፈርስ የናይትሮጅን ጋዞችን ያወጣል፣ ጋዙ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ ደግሞ ተመልሶ መፍረሱን ያፋጥነዋል። ይህን ዑደት ለመግታት ፋብሪካዎች ዳይፌኒላሚን ወይም መሰል ማረጋጊያ ይጨምሩበታል። ማረጋጊያው የሚወጣውን ጋዝ እየያዘ ባሩዱን ለብዙ ዓመታት ያቆየዋል፣ እርሱ ሲያልቅ ግን መፍረሱን የሚያቆመው ነገር የለም። ሙቀት ነገሩን ያፈጥነዋል፤ ስለዚህ በበጋ በመኪና ኮፈን ወይም በጋራዥ ጣሪያ ሥር የከረመ ባሩድ በስንት ዓመቱ እንደሚበላሽ በዕድሜው ብቻ መገመት አይቻልም። የማረጋጊያውን መጠን የሚያሳየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፣ በወንፊትም ሆነ በማጉያ መነጽር የሚለይ ነገር አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ደህና ባሩድም የራሱ ሽታ አለው። ኢተር፣ አልኮል ወይም አሴቶን የሚሸት ከሆነ ከፋብሪካው የቀረ ማሟሚያ ነውና አያስፈራም። አፍንጫን የሚቆጠቁጥ የአሲድ ሽታ፣ ዝገት የሚመስል ብናኝና ቡናማ ጢስ ግን የመበላሸት ምልክቶች ናቸው።

ሰዎች ይህን የተጋነነ ሥጋት አድርገው እንዳያዩት ሁለት ነገር ላንሣ። በፈረንሳይ የቱሎን ወደብ የጦር መርከቧ ኢየና እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1907፣ ሊበርቴ ደግሞ መስከረም 25 ቀን 1911 ፈንድተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ በሁለቱም ጣት የተቀሰረው በመርከቦቹ ግምጃ ቤት ውስጥ በነበረው፣ በተበላሸው ናይትሮሴሉሎስ ባሩድ ላይ ነው። በእኛ ዘመንም በሉዊዚያና ግዛት ካምፕ ሚንደን በተባለው ቦታ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ከሠራዊት የተረፈ (ትርፍ) ባሩድ ማከማቻ ፈነዳ። በምርመራው ወቅት ኤም-6 የተባለ፣ ከመድፍ ጥይት የተራገፈ ባሩድ ወደ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ያለ ደንብ ተከማችቶ ተገኘ። ማረጋጊያው እያለቀ ራሱን ያቀጣጥላል የሚለው ሥጋት የአካባቢውን ነዋሪ ለዓመታት እንቅልፍ ነሥቶት ቆይቶ፣ በመጨረሻ በ2016 እና በ2017 በዝግ የማቃጠያ ክፍል ውስጥ ተቃጥሎ እንዲወገድ ተደርጓል።

መልስ፦ ጡረተኛው መካኒክ (ቨርጂኒያ)

እኅታችን ስለ ኬሚስትሪው በሚገባ ስላስረዳችን እኔ ስለ ድብልቁ ልናገር። ጥይት መሙላት ከጀመርሁ 26 ዓመት ሆኖኛል።

በመጀመሪያ ትርፍ ባሩድ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካንሳስ ግዛት ብሩስ ሆጅደን የተባለ ሰው ሠራዊቱ የተረፈውን 4895 ባሩድ ገዝቶ ለአዳኞችና ለዒላማ ተኳሾች በርካሽ መሸጡ ዛሬ በዓለም የታወቀ ድርጅት መነሻ ሆኗል። ያ ግን ከየት እንደመጣ የሚታወቅ፣ ከሌላ ያልተቀላቀለ ባሩድ ነበር። ከተፈታ ጥይት የተራገፈ ባሩድ ታሪኩ ሌላ ነው፤ ጥይቱ የተለያየ ዓመትና የተለያየ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ያዩት ጥቁር ፍርፋሪም ወታደራዊ ጥይት ውኃ እንዳያስገባ ተተኩሶ የሚወጣው እርሳስና ቀለሁ የሚገናኙበት አንገት ላይ የሚቀባው ቅጥራን ይመስለኛል። ቅጥራኑ ቅንጣቶቹን እያጣበቀ በመስፈሪያው ውስጥ እንደ ልብ እንዳይወርዱ ስለሚያደርግ አንዱ ጥይት ይጎድላል፣ ቀጣዩ ከመጠን በላይ ይሞላል።

ከዚህ የሚከፋው ቁጥሩ የሚፈጥረው የተሳሳተ እምነት ነው። «4895» የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም ዋስትና አይሰጥም። የጥይት ፋብሪካ እያንዳንዱን የባሩድ ምርት በመሞከሪያ ጠመንጃ ፈትሾ፣ ግፊቱና የእርሳሱ ፍጥነት ከተወሰነው ልክ እንዲገባ ለዚያ ምርት ብቻ የሚሆን መጠን ይወስናል፤ ፈጠን ብሎ የሚነድ ምርት ከመጣለት ያሳንሳል፣ ከዘገየ ይጨምራል። ለእኛ በሱቅ የሚሸጠው ግን በመጽሐፍ የታተመው መጠን ሁልጊዜ እንዲሠራበት ሆን ተብሎ ተመጣጥኖ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ለሱቁ ባሩድ የታተመውን ሰንጠረዥ ለተራገፈው ባሩድ መጠቀም የሌላ ሰው የሐኪም ማዘዣ ይዞ መድኃኒት እንደ መውሰድ ነው።

ክቡን ቅንጣት በወንፊት ልለይ ላሉት፣ የባሩድ ፍጥነት የሚወሰነው በቅርጹና በመጠኑ ብቻ አይደለም። ቅንጣቱ ቶሎ እንዳይነድ ላዩ ላይ የሚቀባ ነገር አለ፤ እርሱ በዓይን አይታይም። ክቡን ሁሉ ለቅመው ቢጨርሱ እንኳ ዘንግ መሰሉ ቅንጣት ሁሉ አንድ ዓይነት ስለመሆኑ ማስረጃ የለዎትም። መጠን መቀነሱም አያድንም፤ በዕቃው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ከባዱና ቀላሉ ስለሚለያይ ከላይ የቀዱት ጥይትና ከታች የቀዱት ጥይት አንድ አይሆኑም። አምስቱ ደህና ሆነው ስድስተኛው የጠነከረብዎት በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለ30-06 የተወሰነው ከፍተኛ ግፊት በአንድ ካሬ ኢንች 60,000 ፓውንድ ነው። መቀርቀሪያው አልነሣ ሲል ከዚያ ልክ ሳያልፉ አልቀሩም፤ ምልክት ሳይሰጥ የሚያልፍም አለ።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎ። ከ11 ዓመት በፊት እዚህ ቨርጂኒያ በአንድ የተኩስ መለማመጃ ቦታ አንድ ወዳጄ በአጠገቤ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በ308 ጠመንጃው ይተኩስ ነበር፤ ባሩዱን የገዛው ስሙን ከማልጠራው ሻጭ እንደ እርስዎ ያለ ምርት ቁጥር ነው። ሦስት ጊዜ ተኮሰ። በአራተኛው ድምፁ ተለየብኝ፣ ዞር ስል ወዳጄ ሁለት እጁን ከፊቱ ፊት ለፊት አንሥቶ ዝም ብሎ ተቀምጧል። የሰደፉ እንጨት ከጥይት ካዝናው ጀምሮ እስከ ምላጩ ድረስ ተሰንጥቋል። መከላከያ መነጽሩ ላይ ከቀለሁ የተረጨ የናስ ቅንጣት እንደ ወርቅ ብናኝ ተለጥፎ ነበር፤ መነጽሩን ሲያወልቅ የዓይኑ ዙሪያ ንጹሕ፣ ግንባሩና ጉንጩ ግን ጠቁሮና በትናንሽ ነጥቦች እየደማ አየሁት። መቀርቀሪያውን በእንጨት መዶሻ መትተን ስንከፍተው የቀለሁ መቀመጫ ተጨፍልቆ፣ የተቀረጸበት ጽሑፍ ጠፍቶ፣ ካፕሱሉ (ባሩዱን የሚለኩሰው) የነበረበት ቀዳዳ ጣት ጫፍ የሚያስገባ ሆኖ አገኘነው። ወዳጄ ዛሬ ያነብባል፣ መኪናም ይነዳል፤ ያን ዕለት ጠዋት ግን መነጽሩን መኪናው ውስጥ ረስቶ ለማምጣት ተመልሶ ነበር።

የቀሩትን 34 ጥይቶች እባክዎ አይተኩሱ።

መልስ፦ የወንበርማው (ባሕር ዳር)

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ከጥያቄው ጥቂት ፈቀቅ ቢልም አያቴ ለወጂግራ ጠመንጃቸው ራሳቸው ባሩድ አዘጋጅተው ቀለህ ይሞሉ እንደነበር አባቴ ይነግረናል። ያ ባሩድ በቀንድ ተቀምጦ ስንት ዘመን ሲቆይ ተበላሸ ሲባል አልሰማንም። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የቤተ ሙከራ ሰው (ሜሪላንድ)

የአያትዎ ባሩድ ጥቁር ባሩድ ነው፤ ከሰል፣ ድኝና ፖታሺየም ናይትሬት ተቀላቅለው የሚሠራ። ሦስቱም በየራሳቸው የረጉ ስለሆኑ ደረቅ ሆኖ ከተጠበቀ ለብዙ ዘመን ይቆያል፤ ይሁን እንጂ በትንሽ ብልጭታ ስለሚቀጣጠል በአያያዙ ከጭስ አልባው የባሰ አደገኛ ነው። በቋንቋችን ሁለቱንም «ባሩድ» ስለምንላቸው የአንዱን ጠባይ ለሌላው የምንሰጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ባሩድ አይበላሽም» የሚለው የአባቶች ቃል ለራሳቸው ባሩድ እውነት ነው፣ ጠያቂው ለያዙት ግን አይሠራም።

መልስ፦ ደገኛው (ዴንቨር)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መልሱን ባነበብሁበት ሌሊት ዕቃውን ከቤት አውጥቼ ከአጥሩ ጥግ በጥላ ሥር አስቀምጫለሁ። አሁን የቸገረኝ አወጋገዱ ነው። ከቆሻሻ ጋር መጣሉም ሆነ በሽንት ቤት ማፍሰሱ አልታየኝም። የሞላኋቸውንስ ጥይቶች እንዴት ላድርጋቸው?

መልስ፦ ጡረተኛው መካኒክ (ቨርጂኒያ)

ልክ ነዎት፣ ሁለቱም አይደረግም። የአሜሪካ የጥይት አምራቾች ማኅበር ለተበላሸ ባሩድ የሚሰጠው ምክር ከሰውና ከቤት በራቀ ገላጣ ቦታ በጥቂት በጥቂቱ ማቃጠል ነው፤ አንድ ክምር ከ1 ፓውንድ እንዳይበልጥ፣ ከፍታውም ከ1 ኢንች እንዳያልፍ፣ ለኳሹም ርቆ እንዲሄድ ቀስ ብሎ የሚነድ ነገር መለኮሻ ሆኖ እንዲዘረጋለት። በእርስዎ ግዛት ግን ደረቅ ወራት ሲሆን ከቤት ውጭ እሳት ማንደድ ስለሚከለከል በራስዎ አይጀምሩት። ለእሳት አደጋ መከላከያው ደውለው በአደጋ ጊዜው ቁጥር ሳይሆን በመደበኛው ስልክ፣ ያለዎትን መጠንና ያዩትን ምልክት ይንገሯቸው። እስከዚያው በጠርሙስ ወይም ጥብቅ ክዳን ባለው ብረት ውስጥ እንዳያዛውሩት፤ የባሩድ ዕቃ ደካማ ሆኖ የሚሠራው ግፊት ሲመጣ ተከፍቶ እንዲያስተነፍስ ነው፣ በጠንካራ ዕቃ የታፈነ ባሩድ ግን ቦምብ ይሆናል።

ጥይቶቹን እርሳስ በሚያስለቅቀው መዶሻ፣ መነጽር አድርገው፣ አንድ በአንድ ይፍቷቸው። ወጥቶ የሚገኘውን ባሩድ ከሌላው ጋር አብረው ያስወግዱት፣ ወደ ደህናው ዕቃ አንዲት ቅንጣት እንዳትመለስ። የቀለሁን ውስጥ በባትሪ ይመልከቱ፤ አረንጓዴ ካዩበት አሲዱ ናሱን በልቶታልና ይጣል።

መልስ፦ ደገኛው (ዴንቨር)

የሆነውን ልንገራችሁ። ትናንት ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ዕቃውን ከነመያዣው በአሸዋ በተሞላ ሳጥን ውስጥ አድርገው ወሰዱት፤ ስለ ደወልሁም አመሰገኑኝ እንጂ አልተቆጡኝም። 34ቱን ጥይቶች ፈትቻለሁ። ከተሞሉ ገና አራት ሳምንት ቢሆናቸውም በ9ኙ ቀለህ ውስጥ አረንጓዴ ሽፋን አግኝቻለሁ፣ ከሁለቱ እርሳሶች ግርጌም ባሩዱ ተጣብቆ በጥፍር ሲነካ እንደ ሻጋታ ይፈረፈራል። ጠመንጃውን ለባለሙያ ሰጥቼ እያስመረመርሁት ነው።

ሻጩንም ፈልጌ አገኘሁት። ሰውየው አልዋሸኝም፤ ከሁለት የተለያዩ ሰዎች የገዛውን ግማሽ ግማሽ ዕቃ፣ ሁለቱም ላይ 4895 የሚል ስለተጻፈ 8 ፓውንድ ለመሙላት ብሎ አንድ ላይ እንደገለበጠው በግልጽ ነገረኝ። አንደኛው ለስንት ዓመት በጋራዥ እንደተቀመጠ አያውቅም። ከዚያው ድብልቅ ሌሎች ሁለት ሰዎች እንደገዙት ያስታውሳል፣ አድራሻቸውን ግን አልያዘም። ባለፈው ወር በዴንቨር አካባቢ ከነበረው ገበያ፣ በሰማያዊ ቀለም የእጅ ጽሑፍ የተለጠፈበት ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ የገዛችሁ ወይም የገዛ ሰው የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ባሩዱን አትጠቀሙበት፤ እዚሁ ጻፉልኝ፣ ለሻጩ ላደርስለት ተስማምተናል፣ ገንዘቡንም እመልሳለሁ ብሏል።