የትምህርት ቤታችን «ዙሪያ» ሩጫ ሊቀር ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሒሳብ መምህሯ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሱሉልታ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በጥርጊያ መንገድ አርባ ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ዘንድሮ የስፖርት ኮሚቴ አባል ሆኛለሁ፤ እና አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

በየዓመቱ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ካለቀ በኋላ ባለው ቅዳሜ «ዙሪያ» የምንለው ሩጫ አለ። የአሁኖቹ ተማሪዎች አባቶችና እናቶች ሳይቀሩ ሮጠውታል። ከበሩ ይነሱና ወደ ምንጩ ይወርዳሉ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ይዞራሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉብታ ከበው በላይ በኩል ይመለሳሉ። ማጣሪያ የለም። ሁሉም ይሮጣል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ደብተርና እስክሪብቶ ያገኛሉ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚያወሩት ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ደወላችን ጽድ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ የዚያን ቀን የመጨረሻው ልጅ በሩን እስኪገባ ድረስ አይመታም። ቀድመው የገቡት ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

አምና የመጨረሻዋ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። አንድ እግር ጫማዋን በእጇ ይዛለች፣ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሮጠው ሄደው ሊያዝሏት ሲሉ እምቢ አለች። በራሷ እግር ገባች። ቸርኬው ሲመታ ጫማዋን ጥላ፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ስትስቅ አሁንም ዓይኔ ላይ አለች።

አሁን ኮሚቴው ውስጥ ያሉ ሰዎች ይሄ ነገር ይቅር እያሉ ነው። ከየክፍሉ አምስት አምስት ልጅ ተመርጦ ይሩጥ፣ ሌላው ይመልከት፣ የቀረው ሰዓት ለኳስ ዋንጫ ይሁን፣ ማሊያም እናሠራ ነው ሐሳቡ። ምክንያታቸው ባዶ አይደለም። ታች ያለው መንገድ ላይ አሁን ገልባጭ መኪና ይመላለሳል። ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ልጆችም አሉ። ባለፈው ስብሰባ የምለው ጠፋኝና ዝም አልኩ። ሐሙስ እንደገና እንቀመጣለን። ምን ይዤ ልግባ?

የጫንጮ መንገድ ሹፌር፦

መምህርት፣ ቸርኬ ስትዪ ክው ነው ያልኩት። እኔ እዚያው ነው የተማርኩት።

አራተኛ ክፍል ሆኜ የመጨረሻው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ከብቶቹን ሜዳ አድርሼ ስለምመጣ ሁሌ አረፍዳለሁ፤ የዚያን ቀንም በሩ ላይ ስደርስ ሁሉም ተነስቶ ሄዷል። ከኋላ ተከተልኩ። ኮንጎ ጫማ ነበር ያደረግኩት። ኮንጎ ላብ ሲገባው እግር ውስጡ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ልክ እንደዚያች ልጅ ምንጩ ጋ አውልቄ በእጄ ያዝኩት። ጉብታው ላይ ስወጣ ትምህርት ቤቱ ከታች ታየኝ። ሁሉም በሩ ላይ ቆሞ ወደ እኔ ያያል። አፈርኩ። ከባሕር ዛፉ መሃል ወደ ቤት የሚያስገባ አቋራጭ አለ፣ በእሱ ልጠፋ ሁሉ አስቤ ነበር። ከዚያ አንዱ ስሜን ጠራ። ሌላው ተቀበለ። ቁልቁል የወረድኩትን ሩጫ ከዚያ ወዲህ ሮጬው አላውቅም።

በዓመቱ አሥራ አንደኛ ወጣሁ። ዋንጫ የለ ምን የለ፣ እናቴ ግን ለጎረቤት ሁሉ ነገረች።

አምስት አምስት ልጅ ይመረጥ ቢባል ኖሮ እኔን ማን ይመርጠኝ ነበር? ከብት ነድቶ የሚያረፍድ ልጅ የማጣሪያ ቀን አይገኝም። በመንገዱ ጉዳይ ግን እውነታቸውን ነው፤ እኔ ራሴ በዚያ ስነዳ ኩርባው ላይ ከፊቴ ያለው አይታየኝም። እሱን አታቃልዪው።

የሰንዳፋ ስፖርት መምህር፦

እህቴ፣ «ባህላችን ነው» ብለሽ ብቻ አትግቢ፣ ያሸንፉሻል። የተጻፈ ዕቅድ ይዘሽ ግቢ።

መጀመሪያ ርቀቱን ለኪው። ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ አሳጥሪው። ከ18 ዓመት በታች የነበረው የዓለም ሻምፒዮና (ከ1999 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ የተካሄደው) እንኳ ረጅሙ ሩጫ 3,000 ሜትር ነበር፣ እነዚያ ደግሞ የሠለጠኑ ልጆች ናቸው። አንደኛና ሁለተኛ ክፍሎች ከሜዳው አይውጡ፤ እዚያው ዛፉ ጋ ደርሰው ይመለሱ። ሦስተኛና አራተኛ ምንጩ ድረስ ደርሶ መልስ ይበቃቸዋል። ሙሉው ዙር ከአምስተኛ በላይ ላሉት ይሁን፣ ከእነሱም መራመድ የፈለገ ይራመድ።

ሰዓቱን አስቢበት። ጥር መጨረሻ እኛ አገር ማለዳ ውርጭ ነው፣ እናንተ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ። አስም ያለበት ልጅ በዚያ ብርድ ይታፈናል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አታስጀምሪ። ሌላው፣ የልብ ሕመም። በጊዜ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ተነስቶ የልጅ ልብ የሚጎዳ በሽታ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው። ስለዚህ ሳምንት ቀደም ብለሽ ለየወላጁ ወረቀት ላኪ፤ ልጁ ሲሮጥ ደረቱን ያመዋል ወይ፣ ቶሎ ይደክመዋል ወይ፣ ወድቆ ያውቃል ወይ ብለሽ ጠይቂ። አዎ ያለ ወላጅ ካለ ልጁ አይሮጥም፣ ግን ሰዓት ይያዝ ወይም ቸርኬውን እሱ ይምታ። ማየት ብቻ አይሁን።

ነጥቡን ደግሞ እንዲህ አድርጊው፣ ሒሳብ ያንቺ ነው። ተማሪውን ከየክፍሉ ቀላቅለሽ አራት ቡድን አውጪ። ርቀቱን የጨረሰ ሁሉ፣ በእግሩ ተራምዶም ቢሆን፣ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያመጣል። ያኔ የመጨረሻው ልጅ ነጥብ ተሸክሞ ነው የሚገባው፣ የሚጠብቁትም ከልባቸው ይጠብቁታል። ሰዓት ከተረፈ ዱላ ቅብብል ጨምሪ፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ መላጥ ነው፣ ብር አያስወጣም።

«ጎበዞቹን እንምረጥ» ለሚሉሽ የበቆጂውን አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን ጥሪላቸው። የትምህርት ቤት ስፖርት መምህር ነበር። ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በእሱ እጅ አልፈዋል። እንደዚያ ያለ ዓይን የሚሠራው ልጆቹ ሁሉ ፊቱ ሲሮጡ ነው። እኛ ሰፈር ሯጮቹ ማለዳ አስፋልቱን ይዘው ሲያልፉ ተማሪዎቼ ቦርሳቸውን እንዳነገቱ ይከተሏቸዋል። የትኛው እንደሚጸናና የትኛው ሃምሳ ሜትር ላይ እንደሚያቆም አስቀድሜ ገምቼ ስንቴ ተሳስቻለሁ።

ሆለታ ኮሚቴ የነበርኩ፦

ሁላችሁም ጥሩ ጥሩውን ታወራላችሁ። እኔ ልጅ ወድቆብኛል።

ስድስተኛ ክፍል ነበር። ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ። ልንጨርስ ትንሽ ሲቀረን እግሩ ተሳሰረና ተደፋ፣ ከንፈሩ ነጭ ሆነ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ሐኪሙ መቼ ነው የበላኸው አለው። ትናንት ምሳ አለ። ትናንት ምሳ! እኔ ጠዋት ፊሽካ ስነፋ አንዱንም «በልተሃል?» ብዬ አልጠየቅኩም። ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናቱ መጥታ ስታየኝ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ስለዚህ መምህርት፣ ኮሚቴው ሲፈራ ክፉ ሰዎች ናቸው ብለሽ አታስቢ። እኔም እንደነሱ «ይቅር» ካሉት አንዱ ነበርኩ። አሁን ቢጠይቁኝ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሳይበላ አንድም ልጅ ከመነሻው አይነሳ። ለማሊያ የታሰበው ብር ለቁርስ ይዋል።

የሦስት ልጆች እናት፣ ለገጣፎ፦

ለቁርሱ ብርም አያስፈልግ። ሱሉልታ የገብስ አገር ነው። ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ ገብስ ይዋጣ፣ እናቶች ቆልተው አስፈጭተው በሶ ያድርጉት፣ ጠዋት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ጭብጦ። ስኳር የጨመረ ይጨምር። ከሩጫው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይሰጣቸው፣ ሆዳቸው ከብዶ እንዳይሮጡ። የወላጅ ኮሚቴውን አናግሪ እንጂ እናት እንቢ አትልሽም።

እኔ ግን የገባሁት ስለ ሴቶቹ ልናገር ነው። «ምረጡ» ሲባል የሚመረጡት ወንዶቹ ናቸው። ኳስ ሲባልም ሜዳው የእነሱ ነው፣ ሴቶቹ ዳር ቆመው ያጨበጭባሉ። ኳስ አልጠላሁም፣ ወንድ ልጅም አለኝ። ግን ሁሉም የሚሮጥበት ቀን ለሴት ልጅ ማንም ሳይፈቅድላት የምትሮጥበት ቀን ነው።

ትልቋ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ ስፖርት ባለበት ቀን ሁሉ መቅረት ጀመረች። ሆዴን አመመኝ ትለኛለች። ምክንያቱን የነገረችኝ ስንት ወር ቆይታ ነው፤ የወር አበባዋን ፈርታ፣ የዩኒፎርሙ ቀሚስ ደግሞ ንፋስ ሲያገኘው ወንዶቹ ይስቁባታል። በቃ፣ ይሄው ነበር። ከቀሚሱ ስር ሱሪ ወይም ረጅም ቁምጣ ይፈቀድላቸው። ሞዴስ አንዷ ሴት መምህር ጋ ይቀመጥ፣ ጠይቀው ሳይሆን ሄደው የሚያነሱት ይሁን።

ደግሞ ያ ቆሞ መጠበቁ። ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን ካሸነፈች በኋላ ምን እንዳደረገች አስታውሱ። ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ጠበቀቻት፣ ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ልጆቼ ያንን ሲያዩ ወርቁን ሳይሆን እጃቸውን ነው ያዩት።

ከእንጦጦ ጀርባ፦

ልጄ መምህርት፣ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ፣ ይሄንንም የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

እኛ ልጆች ሳለን እንዲህ ያለው ጉብታ ሥር ያለ ሜዳ ሁሉ የገና መጫወቻ ነበር። በኦሮምኛ ቂሌ እንለዋለን። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፣ ከጫካ የተፈጥሮውን ፈልገን ነው የምንቆርጠው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ይገጥማል። ሩሯን ከአንዱ ሰፈር ዳር እስከ ሌላው ሰፈር ዳር እየመቱ መሮጥ ነው፣ መስመር የለው፣ ፊሽካ የለው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፣ ቅልጥሙን የተመታ ባለጸጋም ቢሆን አሽቶ ይነሳል። ሲመሽ ስንመለስ ስንት ጋራ እንደሮጥን አናውቀውም።

አበበ ቢቂላም በልጅነቱ ገና ተጫዋች ነበር። ጃቶ በምትባል የሸዋ መንደር ነው የተወለደው። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ሲያሸንፍ ፈረንጆቹ ተገረሙ። እኛ ያደግንበትን ሜዳ ቢያዩት እንዲያ ባልገረማቸው።

ስለ መኪናው አታስቢ። እኛ ሽማግሌዎች ለምን ተቀመጥን? ነጭ ጋቢያችንን ለብሰን መንገዱ ላይ በዚህም በዚያም እንቆማለን። ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ሲያነሳ የማያቆም ሹፌር የለም።

የሒሳብ መምህሯ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ከትምህርት በኋላ ከዘበኛችን ጋር ወጥተን ለካነው። የ50 ሜትር ሲባጎ ይዘን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ በየመሃሉ እየቆጠርን። የድሮው ዙር 54 ጊዜ ሞላ፣ 2,700 ሜትር ማለት ነው። ታች ያለውን ኩርባ ትተን ወንድሜ ሹፌሩ ባልከው አቋራጭ፣ ከባሕር ዛፉ መሃል ስንቆርጥ ደግሞ 46 ጊዜ፣ 2,300 ሜትር። እንዲህ ከሆነ መኪና የሚያልፍበት አንድ መሻገሪያ ብቻ ይቀራል፣ በሩ ፊት ያለው። አባባ፣ ጋቢዎን ለብሰው ይምጡ፣ እሱን ለእርስዎና ለጓደኞችዎ ሰጥቼዋለሁ።

አራቱን ቡድን አውጥቼ ጨርሻለሁ። የወላጅ ወረቀቱንም ጽፌአለሁ፤ የሆለታው ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጅዎ ጠዋት ምን ይበላል?» የሚል ነው። የበሶውን ነገር ለሁለት እናቶች ነግሬያቸው ገና ሳልጨርስ መቼ እንቁላ አሉኝ። ሱሪውን ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ሳያንገራግሩ ፈቀዱ። ኳሱን ከሰዓት በኋላ እናድርገው ብዬ እጠይቃለሁ፣ የሴት ቡድንም ካለበት።

ያቺን ልጅ ዛሬ በእረፍት ሰዓት ጠርቼ ነገርኳት። አሁን አራተኛ ክፍል ናት። እናንተ ምንጩ ድረስ ብቻ ነው የምትሮጡት ስላት ፊቷ ጠቆረ። ትንሽ አሰበችና «ቸርኬው ግን ለእኛም ይመታል?» አለችኝ። ይመታል አልኳት።

አንድ ችግር አለ። ቸርኬው የተንጠለጠለበት ሽቦ ዝጎ ሊበጠስ ነው።

የጫንጮ መንገድ ሹፌር፦

ሽቦ እንዳትገዙ። የሞተር ሳይክል ሰንሰለት አለኝ፣ አሮጌ ነው ግን አይበጠስም። ረቡዕ ሳልፍ በሩ ላይ ለዘበኛው እተውለታለሁ። ጽዱን እንዳይበላው ከስሩ ቁራጭ ከመነዳሪ ያስገባበት፣ እሱንም አብሬ አመጣለሁ።