ዌስት ፉትስክሬይ ያለው ሜዳ ታሪኩ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜልቦርን ከገባሁ ሁለት ወሬ ነው። ዌስት ፉትስክሬይ ቤት ተከራይቻለሁ። ከቤቴ አጠገብ ትልቅ ሜዳ አለ። ሥራ ቦታ ስለሱ ሲያወሩ አይገባኝም። የኳስ ነው የክሪኬት? የምታውቁ አስረዱኝ።

መልስ፦
ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ገባህ። ሜዳው ዊተን ኦቫል ይባላል። የድሮ ስሙ ዌስተርን ኦቫል ነው። ለጥያቄህ መልሱ ሁለቱም ነው። በክረምት ኳስ፣ በበጋ ክሪኬት ይጫወቱበት ነበር። ክረምታቸው ደግሞ ከኛው ጋር ይገጥማል፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ።

ኳስ ስልህ ግን የኛን እንዳይመስልህ። ፉቲ የሚሉት የራሳቸው ጨዋታ ነው። ከአንድ ቡድን 18 ሰው ይሰለፋል። ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእጅም በእግርም ትሄዳለች። በየጎሉ 4 ቋሚ አለ። በእግር ተመታ በሁለቱ መካከለኞች መሃል ካለፈች 6 ነጥብ፣ በዳር በኩል ከሆነ 1። ለመጀመሪያው ወር ይሄ ይበቃሃል።

ሜዳው ሞላላ የሆነው በክሪኬት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ሜልቦርን ውስጥ የፉቲን ሕግ ከጻፉት አንዱ ቶም ዊልስ የታወቀ ክሪኬት ተጫዋች ነበር። ክሪኬት ተጫዋቾች ክረምቱን ቁጭ ብለው ሰውነታቸው እንዳይዝል ብሎ ነው ሐሳቡን ያመጣው። በየሰፈሩ አንድ ሜዳ ለሁለት ጨዋታ የሆነው ከዚህ ተነስቶ ነው። የፉትስክሬይ ክሪኬት ክለብ ከጊዜ በኋላ እዚያው አካባቢ ወዳለ ሌላ ሜዳ ተዛውሯል። ያ ሜዳ የተሰየመው በሜርቭ ሂዩዝ ነው፤ ከዚህ ክለብ ወጥቶ ለአውስትራሊያ በቴስት ክሪኬት (ቀናት በሚፈጀው የአገር ለአገር ጨዋታ) 212 ዊኬት የወሰደ፣ ማለትም 212 ጊዜ መቺ ከጨዋታ ያስወጣ ፈጣን ኳስ ወርዋሪ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፉትስክሬይ የሠራተኛ ሰፈር ነበር። የድንጋይ ካባ፣ የጥይት ፋብሪካ፣ የጎማ ፋብሪካ። ሰው ሳምንቱን ሙሉ ለፍቶ ቅዳሜ ወደዚህ ሜዳ ይመጣል። የሰፈሩ የፉቲ ክለብ ፉትስክሬይ ትልቁን ሊግ የተቀላቀለው በ1925 ነው። ዋንጫ እስኪያገኝ ግን 1954 ደረሰ። ያኔ ሜልቦርንን 102 ለ51 አሸነፈ። በዚያ ቡድን ውስጥ የሰፈሩ ልጅ ቴድ ዊተን ነበር። ለክለቡ 321 ጨዋታ ተጫውቷል። በ1995 በካንሰር ሲሞት ሜዳው በስሙ ተጠራ። ሐውልቱን አይተኸው ይሆናል።

እኔ ግን ለአዲስ ሰው ሁሌ የምነግረው የ1989ን ነው። ክለቡ ገንዘብ አልቆበት ነበር። ፊትዝሮይ ከሚባል ሌላ ክለብ ጋር እንዲዋሃድ ከላይ ተወሰነ። ስምምነቱ ያለቀ መሰለ። ሕዝቡ አልተቀበለም። ፒተር ጎርደን የተባለ ጠበቃ መሪ ሆነ። አይሪን ቻትፊልድ የተባለች ደጋፊ በስሟ ፍርድ ቤት ቆመች። ገንዘቡን እንዲያሰባስቡ ጥቂት ሳምንት ብቻ ተሰጣቸው። ሰዉ በዚሁ ሜዳ በሺዎች ተሰበሰበ። ከዚያ የገንዘብ መሰብሰቢያ ጣሳ ይዞ በየመንገዱ፣ በየበሩ ወጣ። ጡረተኛው ከጡረታው፣ ልጁ ከኪስ ገንዘቡ ሰጠ። በዚያች አጭር ጊዜ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሞላ፤ ክለቡም ተረፈ። ፊትዝሮይ ከ7 ዓመት በኋላ ከብሪዝበን ጋር ተዋህዶ ብቻውን መቆሙ አበቃ። ያንን ሳስብ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ይበልጥ ይገርመኛል።

ይሄን መጀመሪያ የነገረኝ መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ ሽማግሌ ነው። ጣሳ ይዘው ከዞሩት አንዱ እሱ ነበር። ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀራል። እኔን ትዝ ያለኝ እድር ነው። አንድ ሰው ሲቸገር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ብር ይዞ የሚመጣውን። ከዚያን ቀን በኋላ እነዚህን ሰዎች እንደ ባዕድ ማየት ተውኩ።

የትልቁ ሊግ የመጨረሻ የወንዶች ጨዋታ እዚህ የተደረገው በ1997 ነው። ክለቡም ስሙን ዌስተርን ቡልዶግስ ብሎ ወደ ትልልቅ ስታዲየም ሄደ። ልምምዱና ቢሮው ግን እዚሁ ቀረ። በ2016፣ ከ62 ዓመት በኋላ፣ ሲድኒን 89 ለ67 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። አምበሉ ቦብ መርፊ ተጎድቶ አልተጫወተም ነበር። አሠልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ የራሱን ሜዳሊያ አውልቆ አንገቱ ላይ አደረገለት። በማግስቱ ዋንጫው እዚህ መጣ። ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሄድኩ። የማላውቃቸው ሰዎች አቀፉኝ። ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን "ሰፈሬ ነው" ያልኩበት ጊዜ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ክለቡ ሰንስ ኦቭ ዘ ዌስት የሚባል ለምዕራብ ሰፈር ወንዶች ነፃ የጤና ፕሮግራም አለው። ስፖርቱም፣ ስለ ደም ግፊትና ስኳር የሚሰጠው ትምህርትም ይጠቅማል። ከሰው መተዋወቂያም ነው። ብቻህን ቤት አትቀመጥ፤ ጠይቅና ተመዝገብ።

ሌላ መልስ፦
ከላይ ወንድማችን ሴቶቹን ረስቶብናል! የሴቶች ሊግ በ2017 ሲጀመር የቡልዶግስ ሜዳ ይሄው ነበር። በ2018 ዋንጫውን ወስደዋል። ሴት ልጅ ያላችሁ ውሰዷት። የኔዋ አንዴ አይታ መጥታ ኳስ ግዢልኝ አለች፤ አሁን ቅዳሜ ጠዋት ከትንንሾቹ ጋር ኦስኪክ (የልጆች የፉቲ ልምምድ) ትሠራለች። ከጨዋታው በኋላ ኒኮልሰን ጎዳና ወርደን ቡና እንጠጣለን። ለአዲሱ ወንድማችን፦ ሜዳው በነፋሱ የታወቀ ነው። ፀሐይ ናት ብለህ እንዳትታለል፤ ጃኬት ያዝ።