የምንጭ ዓለቱ የሐይቅ ነው ወይስ የባህር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ነዳጅ ያመነጨ የምንጭ ዓለት ይሆናል ያልኩት የጥቁር ሼል (ከጭቃ ደለል የጠጠረ ዓለት) ናሙናዬ በሮክ ኢቫል፣ ማለትም ዓለቱን አሙቆ የሚወጣውን ነዳጅ በሚለካ ምርመራ፣ ሃይድሮጅን ኢንዴክሱ (ከኦርጋኒክ ካርቦኑ አንፃር የሚወጣው የነዳጅ መጠን) 750 ወጣ። ዓይነት አንድ ኬሮጅን (በዓለት ውስጥ ያለ፣ በሃይድሮጅን በጣም የበለፀገ ኦርጋኒክ ቁስ) ነው፣ ስለዚህ የጥንት ሐይቅ ደለል ነው ብዬ ልደምድም?

መልስ፦ ኧረ ቆይ፣ አትቸኩል። ቁጥሩ የሚነግርህ በአልጌ ቅባት የበለፀገ መሆኑን ብቻ ነው። የባህር ደለልም አንዳንዴ እዚያ ይደርሳል፤ የሐይቅ ዳር ደለል ደግሞ ወንዝ ያመጣው እንጨትና ቅጠል ስለሚበዛበት ዝቅ ሊል ይችላል። ባዮማርከሮቹን እይ፣ ማለትም ከጥንት ሕያዋን ቀርተው ምንጩን የሚጠቁሙትን ሞለኪውሎች። ባለ 26 ካርቦኑ ትራይሳይክሊክ ተርፔን ከባለ 25ቱ ከበለጠ ወደ ሐይቅ ያደላል። ባለ 30 ካርቦኑ ኖርማል ፕሮፒል ኮሌስቴን በደንብ ከታየህ ግን የባህር አልጌ አለበት።

ሌላ መልስ፦ ጋማሴሬን የሚባለውን ባዮማርከርም አትርሳ፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። ከበዛ፣ ውሃው በንብርብር ተለያይቶ ከታች ኦክስጅን አጥቶ ነበር ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ውሃ ከታች ሲተኛ። የአሜሪካው ግሪን ሪቨር የሚባለው የጥንት ሐይቅ ደለል ዓለት፣ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው፣ ዋናው ምሳሌ ነው። ዓለቱን በመዶሻ ስትሰብረው ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል፣ ንብርብሩም እንደ ወረቀት ስስ ነው። ግን ጋማሴሬን ጨዋማ ባህር ላይም ስለሚገኝ ብቻውን አይበቃም።

ጠያቂው፦ ተባረኩ! ባለ 26ቱ በልጧል፣ ፕሮፒሉ የለም። ከዚያው አካባቢ የወጣው ድፍድፍ ነዳጅም ብልቃጥ ውስጥ እንደ ሻማ ረግቷል።

መልስ፦ በሰም የበለፀገ ነዋ፣ ከሐይቅ ደለል የመነጨ ድፍድፍ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። አሁን ሐይቅ ብትል እስማማለሁ፣ ድኝ መጠኑን ግን ለካው፣ የሐይቁ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው።